አፍልተሽም አትስጫት

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ የወንድሜ ሚስትም በሰላም ተገላግላለች።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ካለው ሐይቅ ዳር ወርጄ ነበር። ውሃው ቀለም የተደፋበት ይመስል አረንጓዴ ሆኗል። ውሃውን የሚመረምሩት ሽማግሌ ነጭ ሰሃን በገመድ አስረው ያወርዳሉ፤ ሰሃኑ ከዓይን እስኪሰወር የገመዱን ቋጠሮ ይቆጥራሉ። አምና ስድስት ቋጠሮ ድረስ ይታይ ነበር አሉ፤ ዛሬ ሁለት ሳይሞላ ጠፋ። ውሻቸውን እንዳይጠጣ አስቀድመው ዛፍ ላይ አስረውታል።

«አባባ፣ ከሰው ይልቅ ለውሻ ይጨነቃሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰውማ ሲነግሩት ይሰማል ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔም ፈጠን ብዬ የእኛን ዘዴ ነገርኳቸው፤ በጨርቅ አጥልለን፣ አፍልተን እንደምንጠጣ። ፈገግታቸው ጠፋ። «ማፍላት ጥቃቅን ተዋህስያንን ይገድላል። ይሄ ውሃውን ያለበሰው አረንጓዴ፣ አልጌ የሚሉት፣ የሚተፋውን መርዝ ግን እሳት አያጠፋውም» አሉ።

ወደዚህ ስመጣ የእኛም ሐይቅ ዳር ዳሩ እንዲሁ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። አንቺ ደግሞ ለልጅ ልጅሽ ከዚያው እየቀዳሽ ታፈያለሽ። ማፍላት ይበቃል ያልኩሽ እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። እባክሽ፣ ሐይቁ እስኪጠራ ከላይኛው ጉድጓድ ይቀዳላት። ዳገቱንም የጉልበትሽንም ነገር አውቃለሁ፤ ልጄን ላኪያት፣ ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች።

ቦታው አልቆብኝ በጠርዙ ነው የምጽፈው፦ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ይህን ፖስት ካርድ ደግሞ ሥዕሉ ያምራል ብለሽ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅዪው፤ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ አዙሪው።