ኮሶው ያንቱ፣ ጥፋቱ የኔ

ውድ እማማ ዘርትሁን፣

እንደምን ሰነበቱ? «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምር አስቤ ብዕሩ እምቢ አለኝ። የልጅ ልጅዎ ደህና ናት፤ እንደ ጥጃ እየጎተተች ትጠባለች። ልጅዎ ዓለምነውም ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። አንቱ ነጠላዎን አጣፍተው ወደ ይፋግ፣ ወደ ልጅዎ ወደ ትርንጎ ቤት ከሄዱ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

ያን ሰሞን ለመስቀል የበላሁት ጥሬ ሥጋ ጦሱ ተርፎኝ ኮሶ ሲይዘኝ፣ «እማማ፣ ከሰቀሉት ኮሶ ትንሽ ይውቀጡልኝ» ብዬ ለመንኩዎ። ምን አሉኝ?

«አይሆንም ልጄ! አንቺ የጠጣሽውን እሷም በጡትሽ ትጠጣዋለች። አንጀቷ ገና ለጋ ነው። ጤና ጣቢያ ሂጂና የማጠባ ነኝ ብለሽ ጠይቂ።»

አራት ልጅ ያሳደጉ፣ የሰፈሩን ሰው በቅጠልና በሥር ሲያክሙ የኖሩ አንቱ «ጠይቂ» ሲሉኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረስኩት እኔ በሆዴ «አርጅተው ፈርተው ነው» አልኩ። ደግሞስ ለዚያ ለጤና ጣቢያው ወጣት ሐኪም ኮሶ ይዞኛል ብዬ እንዴት ልናገር? አፈርኩ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሳልሰማ ቀርቼ እኮ አይደለም።

አንቱ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ወቅጬ ዘፈዘፍኩት፤ በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዴ ጨለጥኩት። ምን ያህል እንደሚበቃ እንኳ አላውቅም። እኔን ሲያጥወለውለኝ ዋለ። ልጅቷ ስታለቅስ ግን አንጀቴ አልችል አለና አጠባኋት። ከሰዓት በኋላ ተቅማጥ ያዛት፤ ጡት ባጎርሳት አልይዝ አለች። አንገቷ ሲዝለፈለፍ ጮህኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ «ምን ወስደሻል?» ስትለኝ «ምንም» አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። ዓለምነው አጠገቤ ቆሟል፤ አራስ ልትጠይቅ የመጣችው ትርንጎም አለች፤ አንቱም በሩ ላይ። የዓለምነውን ፊት አየሁና ፈራሁ። «እማማ ኮሶ ሰጥተውኝ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አንቱ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ። ልጅዎ ሲጮህብዎ፣ ትርንጎ «ምነው እማዬ፣ በስተርጅና ልጅ ልትገድይ?» ስትልዎ፣ «እኔ አልሰጠኋትም» አላሉም።

በሦስተኛው ቀን ስንወጣ ነርሷ ለብቻዬ ይዛኝ፣ «በኮሶው ይሁን በሌላ በእርግጠኝነት አልነግርሽም» አለችኝ። «ግን ቅጠል ስለሆነ ብቻ አይጎዳም አትበይ። ለምታጠባ እናት ደህና መሆኑ ያልተረጋገጠ ብዙ አለ። ሳትጠይቂ አትውሰጂ፤ ከወሰድሽም አትደብቂን። መጀመሪያ ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ጊዜ ባልባከነ።» አንቱ ከነገሩኝ ምን ተለየ? ምንም።

እስከ መኪናው ስሸኝዎ ያሉኝ ነው የሚያቃጥለኝ። «አይዞሽ። እኔ እናቱ ነኝ፤ በኔ ቢቆጣ ይበርድለታል። ባንቺ ከተቆጣ ቤት ይፈርሳል።» እኔ ምን አልኩ? እጅዎን ስሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ! ወይ እኔ!

ትናንት ለዓለምነው አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጮኸ፤ ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። እስካሁን አኩርፎኛል፤ ይገባኛል። ቤቱ ግን አልፈረሰም። ቅዳሜ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሳለች። ዓርብ ጠዋት ዓለምነው ሊወስድዎ ይመጣል። አልሄድም ቢሉም አልፈርድብዎም።

በስልክ ብነግርዎ ይቀለኝ ነበር። ግን አውቅዎታለሁ፤ ስልኩን ዘግተው «ሰላም ብላኛለች» ብለው ውጠውት ይቀሩ ነበር። አንቱ ፊደል ስለማይለዩ ይህንን የምታነብልዎ ትርንጎ ናት። ስለዚህ ትርንጎ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ባልሽ ይስማ፤ ጎረቤት ካለም ይስማ። እማማ «ተይው፣ በቃ» ቢሉሽም እንዳታቆሚ።

እናትሽ ኮሶ አልሰጡኝም። ከለከሉኝ። ሰርቄ ጠጣሁ፤ ፈርቼ በሳቸው ላይ ዋሸሁ።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና እግራቸውን ሳሚልኝ። በእኔም፣ በራስሽም ስም።

የበደለችዎ ምራትዎ፣
ፈንታነሽ
ከደብረ ታቦር