ፈረንጁ ብቻ ጣለኝ

እሑድ፣ ኅዳር 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አሰላ

ዛሬ ከጢቾ ቡድን ጋር ተጫውተን ሦስት ለአንድ አሸነፍን። መሐል ሜዳው የእኔ ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሰውን እንዲህ እያለፍኩ እሄዳለሁ ብዬ አላሰብኩም። የጠቅላይ ግዛቱን ቡድን የሚመርጡት ሹም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «መምህር፣ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ነገ ስምዎን አስገባለሁ» አሉኝ።

ያናደደኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጢቾ ወፍጮ ሊተክል የመጣው ፖርቱጋላዊ ለእነሱ ተሰልፎ ነበር። ባገሩ ዘጠኝ ዓመት በደመወዝ መሐል ተጫዋች ሆኖ የኖረ፣ ጉልበቱ ሲበላሽ ያቆመ ሰው ነው ይላሉ። ሦስት ጊዜ ዘረረኝ። ባለጌ ብዬ ሰደብኩት። እሱ እቴ፣ እየሳቀ እጄን ይዞ አነሳኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ የጢቾው ተከላካይ ከድር ጫማዬን ሊያወልቅልኝ ተንበረከከ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው።

«ዛሬ ምን ነካህ ከድር? ስንቴ አልፌህ ሄድኩ!» አልኩት።

«ታዲያ ያስተማሩኝን ሰው ልጥለፍ እንዴ?» አለኝ። «አምስታችን የእርስዎ ተማሪዎች ነን። እንዳንነካዎት ተነጋግረን ነው የገባነው። ለፈረንጁም ነገርነው፣ እሱ ግን እምቢ አለ።»

የተላጠው ጉልበቴ ያቃጥለኛል። ነገ ለሹሙ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ፈረንጁን ግን በከንቱ ሰደብኩት። ዛሬ ከእኔ ጋር ኳስ የተጫወተው እሱ ብቻ ነው።