ለቆመ ሰው መርዶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ጅጋ

ከአባዬ ትልቁ አንጀት የወጣው እጢ ለዘረመል ምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ነበር። ውጤቱን ትናንት ሐኪሙ በስልክ ነገረኝ። እጢው ውስጥ ከልክ በላይ የሚሠሩ ዘረመሎች ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያለው ካንሰር ተመልሶ የመምጣት ሥጋቱ ከፍ ያለ ነው። "ሥጋት ነው እንጂ የተቆረጠ ነገር አይደለም" ብሎኝም ነበር።

ብቻዬን መሸከም አቃተኝና ታች መንደር ላሉት አጎቴ ደወልኩ። ለአባዬ እንዴት ብዬ ልንገራቸው ብዬ አለቀስኩባቸው። ሐኪሙ "የተቆረጠ ነገር አይደለም" ማለቱንም ነግሬያቸው ነበር፤ እሷን ቃል ግን የሰሙልኝ አልመሰለኝም።

"እኛ እንነግርልሻለን፤ አንቺ ዝም በይ" አሉኝ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። አጎቴ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ሁሉም እንደ ልቅሶ ኩታቸውን አዘቅዝቀው ደጃፋችን ቆመዋል። መርዶ ነጋሪ የሚመጣው እንዲህ ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከባድ ወሬ የሚነገርበትን ሌላ መንገድ አያውቁም።

በሩን የከፈቱት አባዬ ራሳቸው ናቸው።

"ማን ሞተብኝ?" አሉ።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አባዬ የእያንዳንዱን ፊት ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አቀረቀርኩ።

"ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው" አሏቸው።

ከዚያ የራሳቸውን ኩታ አወረዱ፤ አዘቅዝቀው ለበሱና ከመካከላቸው ተቀመጡ።