የጃኬትህ ገበር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ድምፅህስ ተከፈተልህ? ሚስትህ ጃኬትህን እንድሰፋው ስታመጣልኝ አሁንም በሹክሹክታ እንደምታወራ ነገረችኝ። እኔ አለሁ፣ መኖር ከተባለ። ቀን ስፌት ቤት እውላለሁ፤ ሌሊቱን እማዬን በሕልሜ ጫካ ለጫካ ስፈልግ አድራለሁ።

ፈላጊዎቹ ትናንት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አለቃቸው ከዚህ በኋላ በሕይወት እናገኛታለን ብሎ ሊዋሸኝ እንደማይፈልግ ነገረኝ። ቦታውን በትክክል የሚያሳይ ሰው ከተገኘ ግን ነገም እንደሚወጡ ቃል ገባልኝ።

ጫካው ዳር ለሽርሽር የወጣን ቀን እንዴት ደስ ብሏት ነበር! የወፎቹን ድምፅ ልስማ እያለች የመስሚያ መሣሪያዋን ጆሮዋ ላይ ደጋግማ ስታስተካክል፣ አንተ ደግሞ ወሬሽን ፈርተው ይሸሻሉ እያልክ ስታስቃት። ከምሳ በኋላ እግሯን ላፍታታላት ብለህ ክንዷን ይዘህ ወደ ዛፎቹ ገባህ። ብቻህን ተመለስክ። ውሃ ልወስድላት ነው፣ ጥላ ሥር አስቀምጫታለሁ አልከን። በኋላ ደግሞ ቦታው ጠፋኝ አልክ። እስኪመሽ ተጣራን። ልጆቼ እማማ፣ እማማ እያሉ አለቀሱ። ከሁላችንም በላይ የጮኽከው አንተ ነበርክ።

እሷን ማስታመም እንዳንገፈገፈህ አውቃለሁ። ሚስትህም ምርር ብሏት ነበር። እኔም ቤቴ ጠባብ ነው እያልኩ ላንተ ጥዬልህ ከረምኩ። ምነው አንድ ቀን በቃኝ ብትለኝ ኖሮ! መሬት ላይም ቢሆን ተኝቼ እወስዳት ነበር።

ጃኬትህን እሾህ ክፉኛ ቦጫጭቆታል። ገበሩን ስፈታው የውስጥ ኪሱም ተቀዶ አገኘሁት። መስሚያዋ በቀዳዳው ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቷል። ለመኝታ ካልሆነ በቀር ከጆሮዋ እንደማታወልቀው ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለካ ያን ሁሉ የጮኽነው ለራሳችን ኖሯል።

ኪሱን ሰፍቼዋለሁ፤ መስሚያዋንም እዚያው መልሼልሃለሁ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ነገ ጠዋት ከፈላጊዎቹ ጋር ጫካው መግቢያ ላይ እጠብቅሃለሁ። ጃኬትህን ልበስና ና፣ ምራን። አፈር እንኳ ላልብሳት ወንድሜ፣ በሞቴ።

ፈጣሪ ልብህን ያራራልኝ። ከቤት በወጣህ ቁጥር እማዬ እንደምትመርቅህ፣ መመለሻህን ያሳምረው።

የእናትህ ልጅ፣
እህትህ