ቀለሁ ብቻ ነው አዲሱ

ውድ እህቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ከወንዙ የሚነሳው ብርድ በዚህ ወር እንደሚጠናብሽ አውቃለሁ። የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፤ እንቅልፍ ግን ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እምቢ ብሎኛል።

ቅዳሜ የጭነት መኪናዬን ይዤ መጥቼ የዌንደልን ዕቃ ወደ ወንድሙ ቤት እንዳደርስልሽ ጠይቀሽኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮሽ የኖረውን ባልሽን ልታስወጪ! የቀኝ እጁን ጣቶች ያሳጣውን ዓይነት ሽጉጥ እንደገና ገዝቶ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በግራ እጁ ሲወለውል ስታገኚው ምን እንደተሰማሽ ይገባኛል። «ወይ እኔን ወይ ይህን ብረት» ማለትሽንም አልፈርድብሽም። ግን መኪናዬን ከማስነሳቴ በፊት መስማት ያለብሽ ነገር አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

እኔንና ዌንደልን ሁልጊዜ ትጠይቂን ነበር፤ ሱቅ ሙሉ አዲስ ሽጉጥ እያለ ከጦር ሠራዊት የተጣለ አሮጌ ዝገት ምኑን ትወዱታላችሁ ብለሽ። እየሳቅን እናልፈው ነበር እንጂ መልስ ሰጥተንሽ አናውቅም። የዌንደልን ታስታውሺዋለሽ፤ ያን የእንግሊዝ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ። እጀታው በማናውቀው ሰው ላብ ጠቁሯል፤ ጥይት የሚጎርሰው ክቡ ብረት ሲነኩት ይንገጫገጫል፤ ቃታው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ ይከብዳል። በአዲስ ሽጉጥ ጣሳ ብትመቺ የመታው ሽጉጡ ነው። በዚያ ከመታሽ ግን አንቺ ነሽ። እጀታው ላይ የአንድ ወታደር ስም ሁለት ፊደላት በሴንጢ ተቀርጸውበት ነበር፤ ዌንደልም ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «በፈቃድዎ ጌታው» ይል ነበር። ሲስት ደግሞ «አንተ ሽማግሌ፣ ጦርነቱ እንዳለቀ አልነገሩህም?» እያለ ይሰድበዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በተዘጋው የከሰል ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ እንደዚያ ሆነን ካሳለፍነው ጊዜ የበለጠ ደስታ አላውቅም። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ስለ ጥይቱ ልንገርሽ። ሽጉጡ የተሠራው ለእንግሊዞች ጥይት ነው፤ እሱ እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የሽጉጥ ነጋዴዎቹ ክቡን ብረት ከኋላው ሞርደው የእኛን ጥይት እንዲጎርስ አድርገውታል። መጉረሱን ይጎርሳል፤ የሱቁ ጥይት ግን ለዚያ ሽማግሌ ብረት ይበረታበታል። ለዚህ ነው እኔ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለህ እየሰበሰብኩ፣ ባሩዱን ቀነስ አድርጌ እሞላ የነበረው። የሞላሁትን በትምባሆ ቆርቆሮ አመጣለታለሁ፤ እሱም አምኖ ያጎርሳል።

በዚያ ሳምንት አልሞላሁም። ሰነፍኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሁድ ጠዋት ቆርቆሮው ባዶ ነበር። ከዌንደል ጋር ሳልወጣ መዋል አልፈለግኩም፤ ስለዚህ ለራሴ አዲስ ሽጉጥ የገዛሁትን የሱቅ ጥይት ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጥኩት። ሌሎች እንዲህ አድርገው ምንም እንዳልሆኑ ሰምቻለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዌንደል አንዷን አንስቶ ለፀሐይ አሳያት። «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ? ዛሬ ሁሉም ዘንጠው መጥተዋል» አለኝ።

«ቀለሁ ብቻ ነው አዲሱ፤ ውስጡ የኔው ነው» አልኩት።

«አንተ ካልክ» አለና አጎረሰ።

ሦስተኛው ተኩስ ላይ ሽጉጡ እጁ ውስጥ ፈነዳ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ጥለን፣ እጁን በሸሚዜ ጠቅልዬ ሐኪም ቤት አደረስኩት።

አንቺ ስትደርሺ ወደ እኔ ዞረሽ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሽኝ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። «የሱቅ ጥይት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከሱ ጥይት ጋር ደባለቅኩት» አለሽ። ኪሱ ውስጥ ጥይት ይዞ አያውቅም። አንቺም «ድሮም አንተ ዝርክርክ!» ብለሽ አለቀስሽ። እኔ የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁ።

ያን የመሰለ አናጢ የትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ሲሆን ዝም አልኩ። አምና በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ ተርኪ ዶሮውን ሊቆርጥ ቢላዋ ሲያነሳ፣ «ተወው ባክህ፣ የቀረችህንም እንዳታጣት» አልሽው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቢላዋውን ለእኔ ሰጠሽኝ፤ ተቀብዬ ቆረጥኩ። እህቴ፣ ከፍንዳታው ይልቅ ያቺ ቀን ናት የምታቃጥለኝ።

ሐሙስ ዕለት አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ሄጄ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን አነበብኩለት። ሽጉጡን መወልወሉን አላቆመም።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ» አልኩት።

«በል ቅደደው። እኔ ወንድሜ ቤት ፎቅ ላይ ክፍል አለኝ። እናታችሁ ከሞተች ጀምሮ ከእናንተ ቤት እሷ ያላት አንተ ነህ።»

ከዚያ በር ድረስ ሸኘኝና፣ ውጭ ይበርዳል፣ የኮትህን ቁልፍ ዝጋ አለኝ።

አልቀደድኩትም። ለራሴ ይቅርታ አልለምንሽም፤ ቅዳሜ ስመጣ በሩን ብትዘጊብኝም አልቀየምሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ደብዳቤውን ሳታሳዪው አጠገቡ ተቀመጪና «ያን ጥይት ከየት ነበር ያመጣኸው?» ብለሽ ጠይቂው። ዛሬም «ከኪሴ» ነው የሚልሽ።

እግዚአብሔር ቤትሽን ከነሙሉ ሰዉ ያቆይልሽ፤ የልጅ ልጅሽን በሁለታችሁ ጉያ ያሳድጋት።

አንቺ ያሳደግሽው
ወንድምሽ