ከበሮው በማን ቤት ይደር

ደብረ ታቦር፣ ረቡዕ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

እኔ ሙላቴ ደስታው፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስጠግን የኖርሁ ጎሚስታ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን የምሰጠው በገዛ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ነው። ሰውነቴ ደክሟል፤ ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ አልወረድሁም። አእምሮዬ ግን ደኅና ነው። ይህንኑ ለማረጋገጥ የነፍስ አባቴ ቄስ ጥበቡ ዕለቱንና የልጆቼን ስም ጠየቁኝ፤ መለስሁላቸው። ምስክሩ ይሻው ደግሞ ያለፈው እሑድ ጎል በማን ጥፋት እንደገባ ጠየቀኝ፤ ለእሱም መለስሁለት። በረኛው ነው።

ቃሌን የሚጽፉት ቄስ ጥበቡ ናቸው። የተናገርሁትን ሁሉ፣ የማይረባውንም ጭምር እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ፤ ቆይቶ እንዲህ ብሏል፣ እንዲያ አላለም የሚል ጭቅጭቅ አልፈልግም። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ይሻው፣ የደጋፊዎች ኮሚቴ አባል አዲስዓለም፣ በሜዳው በር ቆሎ የምትሸጠው ፈንታነሽ እና የእድራችን ጸሐፊ ሰሎሞን ናቸው። ልጄ ሞላ በአልጋዬ ቀኝ፣ ልጄ ትዝታ በግራ ተቀምጠዋል። የትዝታ ባል ታምራት ግባ ቢባል እምቢ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል።

ንብረቴን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሰልችቶኛል። በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ እግዜር ይማርህ የሚለውን ሳይጨርስ ስለ አሰልጣኙ ይጀምርልኛል። ጠዋት የመጡት ይውረድ በል ይሉኛል። ከሰዓት የመጡት ይቆይ በል ይሉኛል። ማታ ልጄ ሞላ እግሬን እያሸ ያንኑ ይደግምልኛል። ይዘውልኝ የሚመጡት ብርቱካንም በዝቶ ለጎረቤት ልጆች ነው የማድለው።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። ክለባችን ርብ ኮከብ ከምድቡ ሊወርድ ጫፍ ላይ ደርሷል። የሚያሠለጥነው ታምራት፣ ይህ በሩ ላይ የቆመው የልጄ ባል ነው። ይውረድ ወይስ ይቆይ የሚለውን የደጋፊዎች ኮሚቴ በመጪው እሑድ ጠዋት በድምፅ ይለያል፤ የክለቡ ቦርድም ኮሚቴው ያለውን እቀበላለሁ ብሏል። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ሦስቱ ይውረድ ይላሉ፤ መሪያቸው ልጄ ሞላ ነው። ሦስቱ፣ አዲስዓለምን ጨምሮ፣ ይቆይ ይላሉ። ሰባተኛው እኔ ነኝ። ብርቱካኑ የበዛው ለዚህ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቀብሬ። የምቀበረው በኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከባለቤቴ ከውዴ አጠገብ ነው። በሬሳዬ ላይ የክለቡን ባንዲራ ማልበስ የሚፈልጉ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ አልፈቅድም። ውዴ በሕይወቷ ኳስ ወዳ አታውቅም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ማልያዎች ቁጥር በመርፌ የሰፋችው እሷ ናት። ማልያውን እየለካች ይህ ልጅ ምን ይበላል፣ እንዴት እንዲህ ቀጠነ እያለች ታዝን ነበር። አንድም ጨዋታ ሳታይ ሁሉንም በስም ታውቃቸው ነበር። እዚያ ደግሞ የኳስ ነገር ይዤባት መሄድ አልፈልግም፤ ትረፍ።

ሁለተኛ፣ ከጋሳይ መንገድ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ። ይህን ቆርጠን ሸጠን አጥቂ እናምጣበት ብለው የደጋፊ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ እነሱ ስለ ዛፌ ውፍረት ይከራከራሉ። አጥቂ አያስፈልገንም። አጥቂውማ አለ፤ ኳስ የሚያደርስለት ነው የጠፋው። ከመሐል ሜዳ ኳስ ይዞ ቀና ብሎ የሚያይ አንድ ሰው፣ የማዕዘን ምት ሲሻማ ከመስመሩ ወጥቶ የሚይዝ አንድ በረኛ፤ የጎደለን ይህ ነው። ይሻው፣ ራስህን አትነቅንቅ፤ የተጠራኸው ለምስክርነት ነው። ባሕር ዛፉን ሞላና ትዝታ እኩል ይካፈሉ፤ ከክለቡ ወገን አንድም ሰው መጥረቢያ ይዞ እንዳይጠጋ።

ሦስተኛ፣ ከይሻው የተዋስሁት የመኪና ማንሻ ክሪክ አልጋዬ ሥር ነው። ዛሬ ሲወጣ ይዞት ይሂድ፤ ስንት ጊዜ ዓይኑ ሲሄድበት አይቻለሁ።

አራተኛ፣ ይህ የምኖርበት ቤት ከነጓሮው የልጄ የሞላ ነው። አብሮኝ የኖረው እሱ ነው፤ የታመምሁ ጊዜ አንሥቶ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። የሚነዳውን ሚኒባስ አቁሞ እኔን ሲያስታምም ከርሟል። ቁጡ ነው፤ ግን እጁ ለስላሳ ነው። እኅቱ ይህን እንደማትቀየም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ። ትንሽ ውኃ ስጡኝ።

ጎማ የምጠግንበት ሱቅ ከነንፋስ መሙያው፣ ከነመፍቻውና ከነከመነዳሪው ለታምራት ይሁን። ለትዝታ አላልሁም፤ በስሙ ለታምራት። ሞላ ቀና ብለህ አየኸኝ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ታምራትን ወደዚህ ቤት ያመጣኸው አንተ ነህ። ከሐሙሲት አንድ ቦርሳ ይዞ የመጣ፣ አባትም እናትም የሌለው የግራ ተከላካይ ነበር። የሚያድርበት የለውም ብለህ ይዘኸው መጣህ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ አልጋ ተኛችሁ፣ ከአንድ መሶብ በላችሁ። እናትህ ሁለት ልጅ ወልዳ ሦስት ታጥብ ነበር። እግሩ ተሰብሮ ጨዋታ ያቆመ ጊዜ ያለቀሰው እሱ አይደለም፤ አንተ ነህ። እኅትህን ሲያገባም ሚዜው አንተ ነበርህ።

ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ። አንተ ደግሞ ከአንበሳሜ አንድ አጥቂ አመጣህ። ስንት ደጅ ጠንተህ፣ ስንት ሰው ለምነህ እንዳመጣኸው አውቃለሁ። ታምራት ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። አሰለፈውም፣ አላሰለፈውም፣ የክለቡ ነገር ነው። አንተ ግን የናቀህ መሰለህ። ከይፋግ ቡድን ጋር በተጫወትንበት እሑድ፣ በተሸነፍን ሰዓት፣ ከበሮውን አንሥተህ ታምራት ይውረድ እያልህ መታህ፤ ሕዝቡም ተቀበለህ። ትዝታ ልጇን አዝላ እዚያው ሦስት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ በሕዝቡ መካከል ስትወጣ አየኋት። ዞር ብላ እንኳ አላየችህም።

ከዚያ ወዲህ አትነጋገሩም። በፋሲካ ትዝታ ጠዋት መጥታ በላች፤ ሞላ እሷ እስክትሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። አንድ በግ አርጄ ሁለት ጊዜ ፈሰክሁ። አልጋ ላይ የጣለኝ በሽታው ነው ትላላችሁ፤ እኔን ግን የደከመኝ ይኸ ነው። ስሞት አንዳችሁ ከድንኳኑ ወዲህ፣ አንዳችሁ ከድንኳኑ ወዲያ ሆናችሁ ልታለቅሱኝ ነው ብዬ ስፈራ አድራለሁ። ንብረትማ ማንም ያካፍላችኋል፤ ሰሎሞንም ያካፍላችኋል። ይህን ነገር ሳላበጅ መሄድ ነው የከበደኝ።

እንግዲህ ስለ ድምፄ። ቄስ ጥበቡ፣ ይህን ቀስ ብለው ይጻፉ።

ታምራት ደግ ሰው ነው። ተጫዋቹ ሲደክም ስለሚያዝንለት አይቀይረውም። ልምምድ የቀረውን እናቱ ታመውበት ነው ብሎ ያሰልፈዋል። በረኛው ኳስ ሲያመልጠው ራሱ ይከፋዋል ብሎ አይቆጣውም። ለልጄ ባልነት ከእሱ የሚሻል አልመኝም። ክለቡን ግን አልቻለበትም። ጨዋታ በደረሰ ቁጥር ሲከሳ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ፣ ትዝታ ራሷ ነግራኛለች። እግሩ ተሰብሮ በከረመበት ክረምት እኔ ሱቅ ውስጥ ጎማ ይሠራ ነበር፤ ያን ጊዜ ይዘፍን ነበር። አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

ስለዚህ ድምፄ ይውረድ የሚል ነው። ሱቁን የሰጠሁትም ለዚህ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የሚከፍተው በር ይኑረው ብዬ ነው። አዲስዓለም፣ እንደከፋህ አያለሁ፤ ይቅርታህን። ይሻው፣ አንተም ፈገግ አትበል።

ትዝታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ይህንንም ይጻፉት።

እኔ እሑድ ወደ ኮሚቴው መሄድ አልችልም፤ እሑድ ድረስ መኖሬንም አላውቅም። ድምፄን ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈልገኛል፤ ሞላን አንተ አድርስልኝ አልሁት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈልገው ነገር እነሆ በእጁ ገባ። ሞላ ግን ወለሉን እያየ፣

«እኔ ይህን ይዤ አልሄድም፣ አባዬ። ሌላ ሰው ይላኩ» አለኝ።

ስትለው የከረምኸው ይህንኑ አይደለም ወይ አልሁት።

«እኔ ስለው የኳስ ነገር መስሎኝ ነበር» አለ።

ፈንታነሽ እንባዋን ስትጠርግ አየሁ። ያን ጊዜ ታምራት ከቆመበት በር ገባ። መጥቶ ከአልጋዬ ግርጌ ቆመ።

«እኔው አደርስልዎታለሁ፣ አባባ። አቶ ሙላቴ ታምራት ይውረድ ብለዋል ብዬ እኔው እነግራቸዋለሁ። እኔም ደክሞኛል» አለኝ።

አለቀስሁ። ቄስ ጥበቡ ይህ ለኑዛዜ አይሆንም ብለው ብዕራቸውን አነሡ፤ ይጻፉት አልኋቸው። ሽማግሌ በአልጋው ላይ ቢያለቅስ ነውር አይደለም። ይህን ልጅ ወደ ቤቴ ያመጣልኝን ሞላን እግዜር ይባርክልኝ።

የመጨረሻው ከበሮው ነው። ቁጥሩ ስንተኛ እንደሆነ ጠፍቶኛል፤ ቄሱ ያስተካክሉት።

ደጋፊው የክለቡ ከበሮ ይለዋል እንጂ ከበሮው የእኔ ነው። ቆዳው የዳልቻ በሬዬ ነው፤ የወጠርሁትም ራሴ ነኝ። ከጨዋታ ጨዋታ የሚሰቀለው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ሞላ ቤቱ የእኔ ከሆነ ከበሮውም የእኔ ነው ብለህ አስበህ ይሆናል። አይደለም። ከበሮው የትዝታ ነው።

የሚመታው ግን ሞላ ነው፤ ክንዱ እስከቻለ ድረስ ማንም አይቀማው። ጨዋታ ባለ ቀን ሞላ ወደ እኅቱ ቤት ሄዶ፣ በሯን አንኳኩቶ፣ ከእጇ ተቀብሎ ይውሰድ። ጨዋታው ሲያልቅ ራሱ ይመልስ። ሰው አይላክ፤ ከአጥር ላይ አያቀብሉት፤ ገብቶ ይቀመጥ። አሁን ይሻው ከምስክር ወንበሩ ላይ ሆኖ የተሸነፍን ቀንስ እንዴት ብሎ ይገባል እያለኝ ነው። የተሸነፍን ቀንማ ዋናው ነው። ያን ቀን ከሁሉ ቀድሞ ይምጣ።

በዚህ ከበሮ ከእንግዲህ የሰው ስም እየጠሩ ይውረድ ማለት አይፈቀድም። የሚወርድም ቢኖር በወንበር ተቀምጦ፣ ስሙ በክብር ተጠርቶ፣ በአፍ ይነገረው። የሚመጣውም አሰልጣኝ የሰው ወንድም፣ የሰው ባል ነው። ይህን ያፈረሰ ደጋፊ ከበሮውን አይንካ።

ከዚህ ሌላ የምሰጠው የለኝም። በዚህ ኑዛዜ ቅር የተሰኘ ካለ ቅሬታውን ለራሱ ያድርግ፤ እኔን ከእንግዲህ ስለ ኳስ የሚያነጋግረኝ እንዳይኖር። ቃሌ ይህ ነው፤ ሲነበብልኝ ሰምቼ ልክ ነው ብያለሁ።

ተናዛዥ፦ ሙላቴ ደስታው። ብዕር መያዝ ስላልቻሉ በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል።

ምስክር፦ ይሻው። ፈርሟል። ስለ አጥቂ በተነገረው እንደማይስማማ ይጻፍልኝ ብሏል፤ ተጽፎለታል። ክሪኩንም ተረክቧል።

ምስክር፦ አዲስዓለም። ፈርሟል።

ምስክር፦ ፈንታነሽ። በጣቷ ፈርማለች።

ምስክር፦ ሰሎሞን። ፈርሟል።

የጸሐፊው ቃል፦ እኔ ቄስ ጥበቡ ከተናዛዡ አፍ የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ጽፌያለሁ። ምስክሮች ፈርመው ሲነሡ ሞላ ወንበር ላይ ወጥቶ ከበሮውን ከግድግዳው አወረደ፤ አቧራውንም በጋቢው ጠረገ። ለእኅቱም ሰጣት። ትዝታ ተቀብላ በጉልበቷ ላይ አኖረችውና፣ «እሑድ ቀደም ብለህ ና፤ ምሳ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ» አለችው። ሞላም እሺ አላት። አቶ ሙላቴ ዓይናቸውን ከድነው ነበር፤ ተኝተዋል ብለን ስንወጣ ጠሩኝና ይህም እንዲጻፍ አዘዙኝ፤ ጻፍሁት።