የጋሽ ታደሰን ኑዛዜ የጣለው ሶፍትዌር

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
ዛሬም ትየባ። ጀለሴ ደብተር፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ ብለሽ ደስ እንዳይልሽ፤ ክረምቴን የአባዬ ጥብቅና ቢሮ ወርሶታል። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ሊፍት የማይሠራበት ፎቅ። አባዬና ባልደረባው ጋሽ ታደሰ (ከዚህ በኋላ ጋ/ታ) ኤአይ ያለው የሕግ ሶፍትዌር ሊገዙ ነው። ሁለት ለሙከራ ቀርበዋል። አማርኛ መክተብ የምችል እኔ ብቻ፤ ስለዚህ ፈታኟ እኔ። ጋ/ታ ስክሪኑ ላይ እንደ ተከሳሽ ያፈጡበታል። "ስማ አንተ!" ይሉታል። ማይክሮፎን የለውም ብላቸው ድምፃቸውን ጨመሩ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
በምን እንፈትናቸው? አባዬ የደንበኛ ፋይል አይነካም አለ፣ የሰው ምስጢር ነው። ጋ/ታ የገዛ ኑዛዜያቸውን ከመሳቢያ መዘዙ። ሰንጋ ተራ ያለው ኮንዶሚኒየም ለሰናይት። ሰናይት የሟች ባለቤታቸው ልጅ ናት፤ አሳደጓት እንጂ በወረቀት ልጃቸው አይደለችም። ኑዛዜው ከወደቀ ቤቱ ለወንድሞቻቸው ነው። እነሱ ደግሞ ሰላምታ እንኳን አይሰጧትም።

አንደኛው ሶፍትዌር አሞገሰ፣ አሞገሰ፣ እንከን የለውም አለ። የጋ/ታ ትከሻ ሰፋ።

ሁለተኛው ግን፦ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበቡ አልተጻፈበትም፤ ሊፈርስ ይችላል፤ አንቀጹ ይኸው፣ ራስዎ ያረጋግጡ።

ጋ/ታ ጦፉ። "ይሄ ጥሬ! እኔ የሸበትኩት በኑዛዜ ክርክር ነው!" የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገለጡ። አነበቡ። ደገሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። የስንቱን ኑዛዜ ያስፈረሱት በዚችው አንቀጽ ነው!

ለካ አልተነበበም። ምስክሮቹ የዕድር ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ጠበቃን አንብብልን ማለት መናቅ መስሏቸው ዝም ብለው ፈረሙ። ይሉኝታ ቤት ሊያሳጣ!

እዚያው፣ 11 ሰዓት
አሁንም ፀጉሬ እንደቆመ ነው። ሶፍትዌሩ ስህተቱን ለማግኘት ሻይ እስኪቀዳ እንኳን አልቆየም እኮ። ሽበት አያይ፣ አያፍር፣ አይፈራ። እኔ እንኳን ጋ/ታን እፈራለሁ (ትንሽ)። ሰናይት ሥራ ላይ ናት፤ ቤት አልባ ልትሆን እንደነበር አታውቅም። የጋ/ታ ሻይ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ
አዲስ ኑዛዜ። ምስክሮቹ በሙሉ ተጠሩ። እኔም ልፈርም ብል ለአካለ መጠን አልደረስሽም ተባልኩ። የሦስት ፎቅ ደረጃ ስወጣ ግን ደርሻለሁ!

አንዱ ሽማግሌ፣ "ኧረ ታዴ፣ እናምንሃለን፣ ንባቡን ዝለለው!"
"አይዘለልም!"

ጋ/ታ ቆመው አነበቡ። "ልጄ ሰናይት" ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። መነበቡ ተጻፈ፣ ከነቀኑ። ሁሉም ፈረሙ።

ከዚያ አባዬ የትኛውን እንግዛ ሲል ጋ/ታ ፈረዱ፦ "ያሞገሰኝ ይመለስ። ያሳፈረኝ ይገዛ።"

አሁን ደግሞ አባዬን ያንተንስ ኑዛዜ አምጣ እያሉት ነው። አባዬ ላብ በላብ። ስካን አድርጊ ብለው እየጠሩኝ ነ…